የዕለት ጸሎትና የእግዚአብሔር ምሪት

ጸሎት ማለት የሰው ልብ ከፈጣሪው ጋር የሚነጋገርበት ነው። ይህን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ብዙ ሰዎች የሚጸልዩት ጭንቅ ሲይዛቸው ብቻ ነው። ልጅ ሲታመምባቸው፥ ከብት ሲጠፋባቸው፥ በዳኛ ፊት ሲቆሙ፥ ወይም ከሁለት መንገድ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆንባቸው ወደ እግዚአብሔር ይጮኻሉ፤ መልሱም በዚያው ቀን እንዲመጣላቸው ይሻሉ። የዘገየባቸው እንደ ሆነ አንዳንዱ በስውር ወደ ጠንቋይ ይሄዳል፤ አንዳንዱም አውደ ነገሥት የሚገልጥለት ሰው ይፈልጋል። ከዚህ የሚብሰው ግን ይህንኑ ልማድ በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ የሚያደርገው ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ መጽሐፉን ይገልጥና ጣቱ ያረፈበትን ቃል እንደ ዕጣ ይቈጥረዋል። የመጽሐፉ ስም ቢለወጥም ሥራው ያው ጥንቈላ ነው፤ የሚፈልገው እግዚአብሔርን ሳይሆን የነገን ምሥጢር ነውና።

ምሪት ግን ነገን አስቀድሞ ማወቅ አይደለም። የማያውቀውን ወንዝ በክረምት የሚሻገር ሰው መልካም መሪ ቢያገኝ የመሪውን እጅ አጥብቆ ይይዛል እንጂ የወንዙን ጥልቀት ሁሉ ልለካ አይልም። እጁን ከለቀቀ ግን ጥልቀቱን ማወቁ አያድነውም።

በኦሪት ዘፍጥረት በ24ኛው ምዕራፍ የአብርሃም ሽማግሌ ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊያጭ ወደ መስጴጦምያ እንደ ሄደ ተጽፏል። ይህ ሰው አሥር ግመሎች ይዞ ነበር፤ ሴቶች ውኃ ሊቀዱ በሚወጡበት በማታ ጊዜ ግመሎቹን በጕድጓዱ አጠገብ አንበርክኮ ጸለየ። ልብ አድርግ፤ ሩቅ መንገድ ተጕዞ፥ ቈነጃጅት የሚገኙበትን ስፍራና ሰዓት አውቆ ከዚያ ከደረሰ በኋላ ነው የጸለየው፤ በድንኳኑ ተቀምጦ ልጅቱ ትምጣልኝ አላለም። የለመነውም ምልክት ወፍ በቀኝ በኩል ትለፍ የሚል አልነበረም። ውኃ አጠጪኝ ብሎ ሲለምናት ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለግመሎቹም በፈቃድዋ የምትቀዳ ልጅ ትሁን ብሎ ነበር። አንድ የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ እስከ 100 ሊትር ውኃ ሊጠጣ ይችላል። እነዚያ ግመሎች ያን ያህል ባይጠሙ እንኳ፥ ለአሥር ግመል በእንስራ መቅዳት ምን ያህል እንደሚያደክም ከምንጭ ውኃ ቀድታ የምታውቅ ሴት ሁሉ ትመሰክራለች። እንግዲህ ምልክቱ የልጅቱን ደግነትና ትጋት የሚገልጥ ነበር። ርብቃ ወጥታ እንዲሁ ባደረገች ጊዜም ሽማግሌው ለመቸኰል አልወደደም፤ ዝም ብሎ ይመለከታት ነበር፤ የማን ልጅ እንደ ሆነችም ጠየቀ። የሚያምን ሰው ማስተዋሉን ከደጅ ትቶ አይገባም።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ ምን በየዕለቱ እንጸልያለን? አባቶቻችን የጸሎትን ጊዜ ሰባት አድርገው ወስነውልናል፤ እነርሱም ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። የዛሬ ተማሪ በእጁ ሰዓት አስሮ ሳለ ለጸሎት ጊዜ የለኝም ይላል፤ ሰዓት ያልነበራቸው ግን ጥላን እየለኩ፥ የዶሮን ጩኸት እየሰሙ ጊዜ ያገኙ ነበር። የዕለት ጸሎት ጥቅሙ በነህምያ ታሪክ ይታያል። ነህምያ በሱሳ ግንብ የንጉሥ አርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ሳለ የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ፥ በሮችዋም እንደ ተቃጠሉ ሰማ። ከካሴሉ ወር እስከ ኒሳን ወር፥ አራት ወር ያህል፥ ነገሩን በልቡ ይዞ በጾምና በጸሎት ቈየ። በኋላ ንጉሡ ምን ትለምናለህ ባለው ጊዜ፥ ከጥያቄው እስከ መልሱ ባለችው በዚያች አጭር ጊዜ ደግሞ ጸለየ። ያች ቅጽበት የበቃችው አራቱ ወር ስለ ቀደሙ ነው። ወዲያውም ለአገረ ገዢዎች የሚሰጥ ደብዳቤና ለበሮቹ የሚሆን እንጨት ለመነ፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ በጸሎቱ ወራት አስቦት ነበርና። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ።

ስለዚህ ልጄ ሆይ፥ ማለዳ ተነሥተህ ሥራ ሳትጀምር ከቅዱስ መጽሐፍ ጥቂት አንብብ፤ ያስጨነቀህን ነገር በስሙ ጠርተህ ለእግዚአብሔር ንገረው፤ ከዚያም ጥቂት ዝም በል። የወደድኸው መንገድ ያለ ሐሰት፥ ያለ ባልንጀራህም ጕዳት የማይሄዱበት ከሆነ ሌላ ምልክት አትጠብቅ፤ መልሱን አግኝተሃል። ሁለቱም መንገዶች ንጹሓን የሆኑ እንደ ሆነ አባትህንና አስተዋዮችን አማክር፤ የዕለቱንም ሥራ አትተው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መልሱ የተዘጋ በር ይሆናል። በዚህ ነገር የኦኔሲሞስ ነሲብን ታሪክ ማሰብ ይገባል (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በልጅነቱ ተሰርቆ በባርነት ተሸጠ፤ በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ፤ በእምኩሉም በነበረው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ በ1872 ተጠመቀ። ምኞቱ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ኦሮሞ ምድር ገብቶ ወንጌልን ማስተማር ነበር። በ1881 በሱዳን በኩል ሄደ፤ መንገዱ ስለ ተዘጋበት ተመለሰ። በኋላ በሌላ መንገድ እስከ እንጦጦ ደረሰ፤ በ1886 ግን ከዚያም ወደ ኋላ ተመለሰ። በሩ ሁለት ጊዜ የተዘጋበትን ምክንያት እንዲህ ነው ብዬ ልናገር አልደፍርም። እርሱ ግን በእምኩሉ ተቀምጦ በእጁ ያለውን ሥራ ያዘ፤ አስቴር ጋኖ የምትባል፥ እርስዋም ከባርነት የወጣች ሴት እየረዳችው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ። ሐዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍም በ1899 ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ መግባት በተቻለው ጊዜ፥ በ1881 ቢገባ ኖሮ ያልነበረውን በገዛ ቋንቋቸው የታተመ መጽሐፍ ለወገኖቹ ይዞላቸው ገባ። በነቀምቴም እስከ ሞተበት እስከ 1931 ድረስ ያስተምር ነበር።