ሆዱን በቅርጹ የሚናገር ብስኩት

ቤይሩት፣ ደማስቆ ወይም ኢየሩሳሌም ውስጥ በበዓል ሰሞን ሰው ቤት ጎራ ያለ እንግዳ ማዕሙል ሳይቀምስ አይወጣም። ክርስቲያኑ ለፋሲካ፣ ሙስሊሙ ለኢድ አልፈጥር፣ የሶርያ አይሁድ ደግሞ ለፉሪም ይጋግሩታል። ቤይሩት ሠርተው ከተመለሱ እህቶቻችን መካከልም በበዓል ዋዜማ ይህንኑ ሲያድበለብሉ ያመሹ አሉ።

ማዕሙል ሆዱ ቴምር ወይም ለውዝ (ዋልነት ወይም ፒስታሽዮ) የተሞላ ብስኩት ነው። ሊጡ ውስጥ ስኳር ወይ የለም፣ ወይ ጥቂት ነው፤ ጣፋጩ ያለው መሃሉ ላይ ነው። ከሌላው ብስኩት የሚለየው ግን ዱቄቱ ነው። ፉርኖ ዱቄት ሳይሆን ሲሞሊና፣ ማለትም ፓስታ ከሚሠራበት ጠንካራ ስንዴ የሚወጣው ሻካራና ቢጫማ ዱቄት ይፈልጋል። ግማሽ ኪሎ ሲሞሊና ቀልጦ በበረደ 250 ግራም ቅቤ በጣት ጫፍ ይታሻል፤ ቅቤ ያልነካው ቅንጣት መቅረት የለበትም። ከዚያ ተከድኖ ያድራል። ሻካራው ቅንጣት እርጥበትን የሚጠጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ማሳደሩን የዘለለ ሰው ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ የሚንቀጫቀጭ ብስኩት ያወጣል። ቅቤው ያለ ቅመም የተነጠረ ይሁን፤ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት የወጥ ቅቤ እዚህ ቦታ የለውም።

በማግስቱ የብርቱካን አበባ ውሃና የጽጌረዳ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየተርከፈከፈ ሊጡ ይሰበሰባል። ማህለብ የሚባለው፣ ከዱር ቼሪ ፍሬ አስኳል የሚፈጨው ቅመምም ይገባበታል። እንደ ዳቦ ሊጥ ማሸት ግን ክልክል ነው፤ ብዙ የታሸ ሊጥ ይጠነክራል። ሲጨብጡት ካልተፈረፈረ ደርሷል።

ቴምሩ ፍሬው ወጥቶ ይፈጭና በትንሽ ቅቤና ቀረፋ ይለወሳል። ዋልነቱ ወይም ፒስታሽዮው ከስኳርና ከአበባ ውሃ ጋር ይከተከታል፤ መላም የለበትም፣ የሚታኘክ ነገር ይኑረው።

ቀጥሎ እጀታ ያለው፣ ከእንጨት የተፈለፈለ ቅርጽ ማውጫ ይነሳል። የሊጡ ድቡልቡል በአውራ ጣት ይጎደጎዳል፣ ይሞላል፣ አፉ ይገጠማል፤ ማውጫው ውስጥ ተጭኖ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀው ሲደረግ ጌጡን ይዞ ይወድቃል። በተለመደው ልማድ ጠፍጣፋው ክብ የቴምር፣ ጉልላታሙ የዋልነት፣ ሞላላው የፒስታሽዮ ነው፤ እንግዳው ሳይጠይቅ የሚወደውን ያነሳል። ማውጫ የሌለው በሹካ ጫፍ ያስጊጠው። ስርጉዱ ለውበት ብቻ አይደለም፣ በኋላ የሚነሰነሰውን ስኳር ይይዛል።

በ200 ዲግሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ሥሩ ወርቃማ ሲሆን አናቱ እንደ ነጣ መውጣት አለበት። ትኩሱን የነካ ይሰብረዋልና እዚያው ትሪው ላይ ይብረድ። የተፈጨ ስኳር የሚነሰነሰው ከበረደ በኋላ፣ ያውም ለውዝ በያዘው ላይ ብቻ ነው። ቴምሩ ራሱን ችሏል፤ እኔም ከሦስቱ እሱን ነው የምመርጠው፣ በተለይ ስኳር ከሌለው ቡና ጋር። ፒስታሽዮ ኪሱን የሚጎዳው ሰው የተቆላ ኦቾሎኒ ከትክቶ ይሙላበት፤ የደማስቆ እናቶች ቢያኮርፉም ይሠራል።