እርጥብ ሰሌዳ ሲደርቅ ለምን ይነጣል?

የክፍል ተረኛ ሆናችሁ ሰሌዳ አጽድታችሁ ታውቃላችሁ? በእርጥብ ጨርቅ ትወለውሉታላችሁ፤ ሰሌዳው ጥቁር ብሎ ያምራል። ጥቂት ቆይቶ ሲደርቅ ግን ነጣ ነጣ ያለ ነገር ተመልሶ ይመጣል። «በደንብ አላጸዳችሁም!» መባል አይቀርም። ጠመኔው የት ሄዶ ነበር?

የትም አልሄደም። ሰሌዳ ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም ገጹ ሻካራ ነው፤ እንደ ሞረድ ቁጠሩት። ጠመኔ በላዩ በተሳበ ቁጥር ይሞረዳል፤ ዱቄቱም በጥቃቅን ጎድጓዶቹ ውስጥ ይቀራል። የምናነበው ፊደል ያ ዱቄት ነው። መስታወት ላይ በጠመኔ ለመጻፍ ሞክሩ፤ ያንሸራትታል እንጂ እምብዛም አይጽፍም።

ዱቄቱ ከምን የመጣ ነው? የጥንቱ ጠመኔ በባሕር ውስጥ ከኖሩ በጣም ጥቃቅን ፍጥረታት ቅርፊት የተሠራ ድንጋይ ነው። በእንግሊዝ አገር ያለው ነጩ የዶቨር ገደል የዚህ ድንጋይ ክምር ነው። ዛሬ ክፍል ውስጥ የምንይዘው ግን ብዙ ጊዜ ጂፕሰም ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሄዱ በምታቋርጡት የዓባይ በረሃ ገደል ውስጥም የጂፕሰም ንጣፍ አለ። የእናንተ ጠመኔ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፦ አረፋ ካወጣ ካልሲየም ካርቦኔት አለበት፤ ጂፕሰም ብቻ ከሆነ ግን ዝም ይላል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። የሚገርመው፣ የጂፕሰም ቅንጣት ለብቻው ነጭ አይደለም፤ ብርሃን ያሳልፋል። ጨውን አስታውሱ፦ ትልቁ ፍሬ እንደ መስታወት ነው፣ ሲፈጭ ግን ይነጣል። ምክንያቱ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው አየር ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ቅንጣት፣ ከቅንጣት ወደ አየር በተሻገረ ቁጥር ጥቂቱ ይመለሳል፣ የቀረው ይታጠፋል። ይህ ደጋግሞ ሲሆን ብርሃኑ ሁሉ ተበታትኖ ወደ ዓይናችን ይመጣል፤ ነጭ የምንለውም ይህንኑ ነው። የመታጠፉን ልክ የሚነግረን ቁጥር ለአየር 1፣ ለውሃ 1.33፣ ለጂፕሰም ደግሞ 1.52 ገደማ ነው። ውሃ የአየሩን ቦታ ሲይዝ ልዩነቱ ይጠባል። ስለዚህ ብርሃኑ ብዙም ሳይበተን ዱቄቱን አልፎ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ይደርስና እዚያው ይዋጣል። ዱቄቱ አለ፤ እኛ ግን አናየውም። ውሃው ሲተን አየር ቦታውን መልሶ ይይዛል፣ ነጩም ከች!

በጠመኔ የሚሥሉ ሰዎች ይህችን ነገር አሳምረው ያውቋታል። ካፌ በር ላይ የሚቆመውን የምግብ ዝርዝር ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው ጠመኔውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲጽፍ ካያችሁት፣ መጀመሪያ ፊደሉ ፈዛዛ ነው። ትንሽ ጠብቁት። ሲደርቅ በደረቅ ጠመኔ ከተጻፈው ይበልጥ ጎልቶ ይነጣል፤ ምክንያቱም እርጥቡ ጠመኔ ወፈር ያለ ዱቄት ጥሎ ያልፋል።

ተረኛ ስትሆኑ እንግዲህ፣ መጀመሪያ በደረቅ ዳስተር ዱቄቱን አራግፉ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ እጠቡት፣ ውሃውንም ቀይሩት። በመጨረሻም ውሃው በራሱ እስኪደርቅ አትጠብቁ፤ ዱቄቱን እንደያዘ በደረቅ ጨርቅ አንሱት።