«ጥንካሬ» ወይስ «ግትርነት»? የሳንባ ደም ቅዳዎችን ባሕርይ ስለሚገልጹ ቃላት

የሕክምና ጽሑፍን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከሚገጥሙት ችግሮች አንዱ፣ በዕለት ንግግር የሙገሳ ስሜት ያለው ቃል በሙያው ቋንቋ የጉዳት መግለጫ ሆኖ መገኘቱ ነው። «የደም ቅዳው ግድግዳ ጠንክሯል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ፣ ደም ቅዳው በርትቷል፣ ደኅና ሆኗል ብሎ ይረዳል። ጸሐፊው ሊል የፈለገው ግን ተቃራኒውን ነው። ይህ ጉዳይ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሕመሞች አንዱ የሳንባ ደም ቅዳ ግፊት ንረት ነው።

አስቀድሞ ስለ ስያሜው ጥቂት እንበል። «ደም ቅዳ» የሚለው ስም የተሰጠው በደሙ ዐይነት ሳይሆን በአካሄዱ ነው፤ ከልብ የሚወጣውን ደም የሚወስድ ማለት ነው። ስለዚህ የሳንባ ደም ቅዳ የሚወስደው ደም ኦክስጅን ያነሰው ቢሆንም ስሙ ትክክል ነው። «የሳንባ ደም ግፊት» በማለት ማሳጠር ግን አንባቢን ያሳስታል፤ በክንድ ላይ የሚለካው ግፊት ልከኛ ሆኖ ሳለ የሳንባው ሊንር ይችላልና። ዐርፎ ባለ ጤነኛ ሰው የሳንባ ደም ቅዳ አማካይ ግፊት 14 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአውሮፓ የሕክምና መመሪያ፣ ቀድሞ 25 የነበረውን ወሰን ዝቅ አድርጎ፣ ከ20 በላይ የሆነውን ንረት ይለዋል።

ጤነኛ ደም ቅዳ ልብ ደም በረጨች ቍጥር ይሰፋል፤ ከደሙ ከፊሉን ለጊዜው ያቈያል፤ መልሶም ሲጠብ ወደፊት ይገፋዋል። ግድግዳው ሁለት ዐይነት ክሮች አሉት። ኤላስቲን በዝቅተኛ ግፊት በቀላሉ ይለጠጣል፤ ኮላጅን ግን ረግቦ ይቈይና ግፊቱ ሲጨምር ብቻ ተወጥሮ ሸክሙን ይይዛል። ስለዚህ ግፊት በናረ ጊዜ ግድግዳው፣ ሥሪቱ ሳይለወጥ፣ እንደ ልብ መስፋት ይሳነዋል። ንረቱ ከሰነበተ ደግሞ ሥሪቱም ይለወጣል፤ ኮላጅን ይከማቻል፣ የጡንቻው ንጣፍ ይወፍራል። የቀኙ የታችኛው የልብ ክፍል እንቢ ባለ ቧንቧ ውስጥ ደም ሲገፋ ይደክማል፤ በመጨረሻም ሥራውን መወጣት ያቅተዋል።

ይህን ሁኔታ በምን ቃል እንግለጽ? «ጥንካሬ» ያለመበጠስ ኀይል ስለሆነ ለሌላ ልኬት ይቈይ። «ድርቀት» ደም ወይም እርጥበት የጐደለ ያስመስላል። የተሻለው «ግትርነት» ነው፤ «ገተረ» ወጥሮ መሳብን፣ «ግትር» ደግሞ እንቢ ባይን ያመለክታልና፣ ቃሉ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ይጠቁማል።

ነገር ግን አንዱ ቃል ብቻውን አይበቃም። የከበሮ ቆዳ በጠፍር ሲወጠር ይገተራል፤ ጠፍሩ ሲላላ ይለዝባል። ሳይለፋ የደረቀ ቆዳ ግን ከውጥረት ቢፈታም አይታጠፍም። እንዲሁም በደም ቅዳ፣ ከግፊቱ ብቻ የሚመጣውን «የውጥረት ግትርነት»፣ ከግድግዳው ለውጥ የሚመጣውን «የሥሪት ግትርነት» ብንል ልዩነቱ ይጠበቃል። የመጀመሪያው ግፊት ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ግፊት በመቀነሱ ብቻ አይጠፋም። ሁለቱን በአንድ ቃል የደባለቀ ትርጉም፣ መድኀኒት ግፊትን ስላወረደ ብቻ ደም ቅዳው ወደ ቀድሞው ተመለሰ የሚል ስሕተት ሊያስከትል ይችላል።

የግትርነት ተጻራሪ ሆኖ በሙያው ጽሑፍ የሚገኘውን ቃል «ታዛዥነት» ብሎ በቀጥታ መመለስ ለሰው ጠባይ እንጂ ለቧንቧ አይስማማም። «የመስፋት ዐቅም» ቢባል ልኬቱን ራሱን ይገልጻል፤ ይኸውም ግፊት በአንድ መጠን ሲጨምር ቧንቧው ምን ያህል ተጨማሪ ደም እንደሚይዝ ነው። ሐኪሞች በግምት የሚያሰሉት ልብ በአንድ ምት የምትረጨውን ደም ለከፍተኛውና ለዝቅተኛው ግፊት ልዩነት በማካፈል ነው። ይሁንና ይህ ዐቅም የግትርነት ግልባጭ ብቻ አይደለም፤ በቧንቧው ስፋትና በግድግዳው ውፍረት ይወሰናል። ግድግዳቸው እኩል ግትር የሆነ ሁለት ደም ቅዳዎች የመስፋት ዐቅማቸው ሊለያይ ይችላል።

«ተለጣጭነት» ደግሞ ተስቦ ወደ ነበረበት መመለስን ብቻ ይግለጽ፤ ግትር የሆነ ነገርም ተለጣጭ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ ከእያንዳንዱ ቃል ጐን ፍቺው ብቻ ሳይሆን የሚለካበት መንገድ ቢጻፍ፣ ተርጓሚው የትኛውን ቃል የት እንደሚያውል ከሐኪሙ ሳይጠይቅ ሊለይ ይችላል።