ሌባው ታሰረ፤ ስልኩስ?

ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ጦር ኃይሎች ባቡር ጣቢያ አካባቢ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከአያት የተነሳው ባቡር መጨረሻው እዚህ ነው፤ የጫነውን ሁሉ እዚሁ ያራግፋል። ወራጁ ወደ አየር ጤና፣ ወደ ቤቴል፣ ወደ ዓለም ባንክ ለመሄድ ታክሲ ይሻማል። ግፊያው ለኪስ አውላቂ ሠርግና ምላሽ ነው። ከዚያ መሀል ድንገት አንዷ "ስልኬን! ሌባ! ያዙት!" ብላ ትጮሃለች እንበል።

ሌባው ካመለጠ ታሪኩ አጭር ነው። የሚገርመው የተያዘ ዕለት የሚሆነው ነው። መጀመሪያ መንገደኛው ይረባረብበታል። ፖሊስ ይወስደዋል፣ ዐቃቤ ሕግ ይከሰዋል፣ ፍርድ ቤት ይፈርድበታል፣ ማረሚያ ቤት ይገባል። ልጅቷስ? ክሱ ላይ "የግል ተበዳይ" ተብላ ትጻፋለች። ከሥራ ቀርታ ትመሰክራለች። ስልኩ ቀድሞ ተሽጦ ከሆነ ግን ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ግብር ከፋይ ከሆነች ደግሞ ሌባው ታስሮ በሚበላው ላይም የእሷ ሳንቲም አለበት።

ታዲያ የሌባው ዕዳ ለማን ነው? ለመንግሥት ወይስ ለልጅቷ?

ዕጥፍ ይክፈል

ይህን ጥያቄ አጥብቀው የያዙት ሊበርታሪያን የሚባሉት አሳቢዎች ናቸው። መነሻቸው ቀላል ነው፦ ሰው የራሱ ባለቤት ነው፤ በላቡ ያፈራውና በፈቃደኝነት ተገበያይቶ ያገኘውም የእሱ ነው። ሐሳቡ እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመኑ እንግሊዛዊ ፈላስፋ ጆን ሎክ ድረስ ይሄዳል። ከዚህ ተነስተው ወንጀል ማለት የሰውን አካል ወይም ንብረት መድፈር ነው ይላሉ። የተበደለው "ኅብረተሰቡ" ወይም "መንግሥት" ሳይሆን አንድ ስም ያለው ሰው ነው። ስለዚህ መካስ ያለበትም እሱ ነው።

አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ራንዲ ባርኔት እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የወንጀል ፍትሕ መሠረቱ ቅጣት መሆኑ ቀርቶ ካሳ ይሁን ብሎ ተከራከረ። ኢኮኖሚስቱ መሪ ሮትባርድ ደግሞ በ1982 ባወጣው መጽሐፍ ሒሳቡን አስቀመጠው። 15 ሺህ የሰረቀ 15 ሺሁን ይመልስ፤ በዚያ ላይ ሌላ 15 ሺህ ከራሱ ይጨምር። የመጀመሪያው የወሰደውን መመለስ ነው። ሁለተኛው ቅጣቱ ነው፤ ሰውን ያሳጣውን ያህል እሱም ይጣ ነው ነገሩ። ተበዳይዋ ከፈለገች ይቅር ልትለው ትችላለች። ዕዳው የእሷ ነዋ!

ይሄ ለእኛ ጆሮ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘፀአት 22 ሌባ የሰረቀው በእጁ ከተገኘ ዕጥፍ ይከፍላል። ዘኬዎስ በማታለል የወሰደውን አራት ዕጥፍ እመልሳለሁ ማለቱንም ብዙዎቻችን ከልጅነት እናውቀዋለን። በእስልምና ሕግም ሰው ሲገደል የሟች ቤተሰብ የደም ካሳውን፣ ዲያውን፣ ተቀብሎ ወይም እሱንም ትቶ ይቅር የማለት መብት አለው።

በሕግ አምላክ!

የድሮ ፍርዳችን ውስጥም ተበዳዩ ዋና ተዋናይ ነበር። ተጣልተው "በሕግ አምላክ!" የተባባሉ ሰዎች መንገደኛ አስቁመው ይሟገቱ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ማለትም ተቆራኝተው፣ አብረው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። ዛሬ "በዓይነ ቁራኛ" የምንለውም የዚያ ቃል ዘመድ ነው። ኦሮሞው በጉማ፣ አማራው በደም ካሳና በሽምግልና፣ ገዳይና የሟች ወገን በካሳ እየታረቁ ደም ያደርቁ ነበር። በብዙ ቦታ ይህ ዛሬም አለ።

ግን የድሮውን ሁሉ እንዳናሞግስ አፈርሳታን እናስታውስ፤ አውጫጭኝም ይባላል። ስርቆት ሲደርስ ያገሩ ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤት የለም። ካልተገኘ ነዋሪው አዋጥቶ ለተሰረቀበት ይከፍላል። ለተበዳዩ አሪፍ ነው፤ ገንዘቡን አገኘ። ያልሰረቀው ገበሬስ ምን አደረገ? ሥራ ፈትቶ ዋለ፤ በዚያ ላይ ያላጠፋውን ከፈለ። ሌባ ሻይም ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ ዞሮ ዞሮ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ሊበርታሪያን ይህን ሲያይ ይጮሃል። ካሳ ትክክል የሚሆነው ከበዳዩ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ከንጹሕ ሰው ከመጣ እሱም ሌላ ስርቆት ነው።

ዱላውስ?

"ሌባ ተይዞ ዱላ ይጠየቃል ወይ?" እንላለን። ታክሲ ተራ ላይ ሌባ ሲያዝ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ያልተሰረቀበት ሁሉ ይማታል። ሌባው መሆኑ እንኳ የተጣራ ላይሆን ይችላል።

ንብረትን ቅዱስ ያደረገ ፍልስፍና ይህን የሚደግፍ ሊመስላችሁ ይችላል። አይደግፍም። ሮትባርድ ራሱ ማስቲካ የሰረቀን ልጅ ተኩሶ የሚገድል ባለሱቅን ምሳሌ አድርጎ፣ ይሄ ባለሱቅ ከልጁ የባሰ ወንጀለኛ ነው ይላል። ሌባ መብቱን የሚያጣው ሌላውን ባሳጣው ልክ ነው። ስልክ ወስዶ ከሆነ የስልክ ዕዳ አለበት፤ የጥርስና የዓይን ዕዳ የለበትም። የእኛም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን መከላከል የሚፈቅደው አደጋው በደረሰበት ወይም ሊደርስ በተቃረበበት ሰዓት፣ በመጠኑ ነው። ተይዞ መሬት ላይ የተኛን ሰው መርገጥ መከላከል አይባልም። በቃ፣ አዲስ ወንጀል ነው፤ አዲስ ተበዳይም አለው።

ሒሳቡ የማይገጥምበት ቦታ

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ግን አንድ ነገር ይከነክነዋል። ጋሪ ቤከር የተባለው ኢኮኖሚስት በ1968 እንዳሳየው ሌባ የሚያሰላው የቅጣቱን መጠን ብቻ ሳይሆን የመያዝ ዕድሉንም ጭምር ነው። እስቲ በምሳሌ እናስላው። 20 ሺህ ብር የሚያወጣን ስልክ ሌባው በ8 ሺህ ይሸጠዋል እንበል። አሥር ሰርቆ 80 ሺህ አገኘ። አንዴ ተያዘና ዕጥፍ፣ 40 ሺህ፣ ከፈለ። አሁንም 40 ሺህ ትርፍ ኪሱ ውስጥ አለ! ካሳ ብቻውን ሌብነትን የሚያስቆመው ሌባው ትርፉ እስኪያልቅ ድረስ ደጋግሞ ሲያዝ ነው።

ሌላም አለ። መንታፊው ኪሱ ባዶ ቢሆንስ? ባርኔት ሠርቶ ይክፈል ይላል። ሥራ ለሌለው ወጣት ሥራ ከየት ይመጣል የሚለው ግን ለእኛ ከተማ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሀብታሙስ? ከፍሎ ይደግማል። እኔ በበኩሌ እስር ይቅር አልልም፤ ማንንም የማይምር ሰው ከሰው መለየት አለበት። የምለው፣ እስር የካሳን ቦታ አይተካም ነው።

ያልተንኳኳ በር

ደግሞም ሐሳቡ ለሕጋችን ባይተዋር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የግል ንብረትን ሲተረጉም በጉልበት፣ በፈጠራ ችሎታ ወይም በካፒታል የተፈራ ውጤት ይለዋል። መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ ከሎክ ቢለይም፣ ስልካችሁን በተመለከተ ከሎክ ጋር ይስማማል። እዚያው አንቀጽ ላይ መንግሥት ራሱ ለሕዝብ ጥቅም ብሎ የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል አለበት ይላል። መንግሥት የወሰደውን ከከፈለ ሌባ የማይከፍልበት ምን ምክንያት አለ?

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለተራ ስርቆት ቀላል እስራት ወይም እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ይደነግጋል፤ ይሄን ብዙ ሰው ያውቃል። የማይታወቀው አንቀጽ 101 ነው፦ በወንጀሉ ጉዳት የደረሰበት ሰው ዕቃው እንዲመለስለት ወይም እንዲካስ መጠየቅ ይችላል። አንቀጽ 102 ደግሞ በዳዩ የማይከፍል ከሆነ ፍርድ ቤቱ መቀጮውን ለተበዳዩ ሊያውለው እንደሚችል ይናገራል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 154 ተበዳዩ እዚያው የወንጀል ችሎት ላይ፣ ነገሩ መሰማት ሲጀምር ካሳ እንዲጠይቅ ፈቅዷል። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የሚያጓትት መስሎ ከታየው ግን ላይቀበለው ይችላል፤ ያኔ የሚቀረው የፍትሐ ብሔር ክስ ነው።

በሩ አለ ማለት ነው፤ የሚያንኳኳው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የስልካችሁን ካርቶንና ደረሰኝ አትጣሉ። *#06# ደውላችሁ የሚመጣውን ቁጥር ከስልኩ ውጭ ጻፉት። ምስክር ሆናችሁ ስትጠሩ ደግሞ መስክሮ መመለስ ብቻ አይደለም፦ ችሎቱ ሲጀመር "ካሳም እጠይቃለሁ" በሉ፣ ከተቻለ በጽሑፍ። "የግል ተበዳይ" የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው ተበዳዩ የራሱን ሲጠይቅ ነው።