የስንዴን ፕሮቲን የሚከትፉ ኢንዛይሞች

ሊጥ የሚለጠጠው፣ ዳቦም የሚነፋው ግሉተን በተባለ የስንዴ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ፕሮሊንና ግሉታሚን የተባሉ አሚኖ አሲዶች የበዙበት ስለሆነ የጨጓራችንና የቆሽታችን ኢንዛይሞች አድቅቀው ሊፈጩት አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2002 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 33 አሚኖ አሲዶች ያሉት አንድ የግሉተን ቁራጭ ሳይፈጭ እንደሚያልፍ አሳይተዋል።

አብዛኛው ሰው በዚህ አይጎዳም። ሴሊያክ በተባለው ሕመም የተያዘ ሰው ግን ቁራጩ የሰውነቱን መከላከያ ቀስቅሶ በገዛ አንጀቱ ላይ ያስነሣበታል። የስንዴ አለርጂ ከዚህ ይለያል፤ አይ ጂ ኢ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ፕሮቲኑን ለይቶ ሲይዘው ሽፍታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ይከተላል፤ ሲከፋም ሕይወት ያሰጋል። ሁለቱ ሕመሞች ሊምታቱ አይገባም፤ ለአንዱ የበጀው ለሌላው ላይበጅ ይችላልና።

ሁለቱም ግን የሚነሡት መከላከያው የተወሰነ የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ያንን ቦታ ገና በሊጥነቱ መቁረጥ ይቻላል ማለት ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ከአናናስ በሚገኘው ብሮሜሌይን በተባለ ኢንዛይም ዱቄቱን አክመው አለርጂው የቀነሰ ዳቦ ጋግረዋል። ጣሊያኖች ደግሞ በ2007 ከእርሾ የወሰዷቸውን ላክቶባሲለስ ባክቴሪያዎች ከሻጋታ ኢንዛይሞች ጋር አዋሕደው ሊጡን ለ48 ሰዓት አቦኩት። የተረፈው ግሉተን በሚሊዮን 12 እጅ ያህል ብቻ ነበር፤ «ከግሉተን ነፃ» ለመባል የሚፈቀደው እስከ 20 ነው። ዋጋውም አለ፤ ግሉተኑ ሲከተፍ ሊጡ መለጠጡን ስለሚያጣ ዳቦው እንዲቆም ሌላ ማያያዣ ይሻል።

ይሁንና በከፊል መቁረጥ አደገኛ ነው። በጃፓን የተሸጠ አንድ የፊት ሳሙና በአሲድ በከፊል የተሰባበረ የስንዴ ፕሮቲን ነበረበት። ያም በኢንዛይም የተሠራ ባይሆንም፣ ከ2,000 በላይ ሰዎች ፊታቸውን በታጠቡበት ሳሙና ምክንያት የስንዴ አለርጂ ያዛቸው። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ስንዴ ያለ ችግር ይበሉ ነበር። ስለዚህ በኢንዛይም የታከመ ዱቄት ሁሉ በሕሙማን የደም ናሙና ሊፈተን፣ በሐኪም ክትትልም ሊሞከር ይገባል።

ቤት ውስጥ በእርሾ አድሮ የቦካ የስንዴ ዳቦ ይህን ያህል አይከተፍም፤ ስለዚህ ለሴሊያክ ሕመምተኛ አይሆንም። ጤፍ በተፈጥሮው ይህ ግሉተን የለውም፤ ነገር ግን እንጀራው ስንዴ ወይም ገብስ እንዳልተቀላቀለበት ከጋጋሪዋ መጠየቅ ያስፈልጋል።