ጀልባ በየብስ ስትጓዝ

ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ በኩል ወደ መቂና ወደ ባቱ የሚወስደውን መንገድ የሚያዘወትር ሰው፣ በተሽከርካሪ ላይ የማይጫን ነገር እንደሌለ ያውቃል። ሽንኩርትና ቲማቲሙ፣ ፍየልና ዶሮው፣ የጭድ ክምሩና የውኃ በርሜሉ ሁሉ በዚህ መንገድ ያልፋል። ጀልባ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየች ጭነት ናት። ረጅም ናት፤ ውስጧ ባዶ ነው፤ ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸር ለነፋስ የምትሰጠው ገጽ እጅግ ሰፊ ነው። ከዚህም በላይ ከባዱ ክፍሏ፣ ማለትም ሞተሯ፣ የሚንጠለጠለው በጫፏ ላይ ነው። ሐይቅ ላይ ስትሆን ውኃው ሆዷን በሙሉ ከሥር ደግፎ ይሸከምላታል። የብስ ላይ ስትወጣ ግን ክብደቷ ሁሉ በሁለት ጎማና በአንድ ማያያዣ ላይ ይወድቃል። ይህ ልዩነት የመካኒኩን ብቻ ሳይሆን የፊዚክስ ተማሪውንም ትኩረት ይሻል።

ጀልባን በየብስ የማንቀሳቀስ ችግር አዲስ አይደለም። የጣና ሐይቅ ታንኳ ከደንገል የሚሠራ በመሆኑ ውኃ ይመጥጣል፤ ስለዚህም ባለታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ከውኃ አውጥቶ በዳርቻው ያደርቀዋል። እርጥብ ታንኳ ለመቅዘፍም ለመሸከምም ይከብዳልና። በታሪካችንም በጀልባ እጦት የተሰናከለ ጉዞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1897 ደ ቦንሻን በተባለ ፈረንሳዊ የተመራ ጓድ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ የባሮን አቅጣጫ ተከትሎ ነጭ ዓባይ ለመድረስና ከምዕራብ አፍሪካ በኩል ይመጣ ከነበረው ከማርሻን ጓድ ጋር ለመገናኘት አቅዶ ነበር። ሶባት ወንዝ ድረስ ከዘለቀ በኋላ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተመለሰ፤ ካጣቸው ነገሮች ዋነኛዋ ጀልባ ነበረች። ማርሻን በበኩሉ ፌዴርብ የተባለችውን ትንሽ የእንፋሎት ጀልባ አስፈታትቶ በየብስ አሻገራት፤ በ1898ም ፋሾዳ ደረሰችለት። ፈታትቶ የመጫንን ጥበብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ነገሩን ወደ አንድ ቤተሰብ መጠን እናውርደው። የአዳማ ነዋሪ የሆነ አንድ ቤተሰብ በዕረፍት ቀናት ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ድንኳን ለመትከልና ትንሽ ጀልባ ይዞ ለመሄድ አስቧል እንበል። ተጎታች ከውጭ ማስመጣት ውድ ስለሆነ አባት በያጅ ዘንድ ይሄዳል። ቱቦላሬ ብረት ተቆርጦ ሻንሲው ይበየዳል፤ ከአሮጌ መኪና አክስልና ባሌስትራ ይገኛል፤ ሁለት ጎማ ከነቸርኬው ይገጠማል። በያጁ የብረቱን ውፍረትና የብየዳውን ጥንካሬ ከማንም በላይ ያውቃል። ብዙውን ጊዜ የማይጠየቀው ጥያቄ ግን አክስሉ ከጀልባዋ በታች በየትኛው ቦታ ይሁን የሚለው ነው። በዓይን ሲታይ መካከል ላይ ማድረግ ትክክል ይመስላል፤ በእርግጥ ግን አደገኛ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የፈረስ ጋሪ ያየ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጋሪ በትምህርት ቤት የተማርነው መፈንቅል ነው፤ መደገፊያው አክስሉ ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ካመዘነ የጋሪው እጀታዎች ሽቅብ ይነሱና ፈረሱን ከሆዱ በኩል ያነሱታል፤ ወደ ፊት ከመጠን በላይ ካመዘነ ደግሞ ጀርባውን ይጫኑታል። ባለጋሪው ጆንያዎቹን ጥቂት ወደ ፊት ገፋ አድርጎ የሚጭነው ስለዚህ ነው። ለተጎታችም ሕጉ ያው ነው፤ በፈረሱ ቦታ የመኪናው የኋላ ክፍል ይተካል። በተለምዶ የሚመከረው ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በማያያዣው ላይ እንዲያርፍ ነው።

በቁጥር እንየው። ተጎታቹና ባዶዋ ጀልባ በአንድነት 180 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ከማያያዣው እስከ አክስሉ ያለው ርቀት 3 ሜትር ነው፤ የክብደታቸው ማዕከል ከአክስሉ 36 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይገኛል እንበል። 180ን በ0.36 አባዝተን ለ3 ስናካፍል በማያያዣው ላይ የሚያርፈው 21.6 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ይህም የጠቅላላው 12 በመቶ ነው። መልካም ነው። አሁን 40 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ሞተር በተለመደ ቦታው፣ ከአክስሉ 1.8 ሜትር ወደ ኋላ እንስቀለው። ወደ ፊት የሚያዞረው 64.8 ነበር፤ ሞተሩ ወደ ኋላ የሚያዞረው ግን 72 ነው። በማያያዣው ላይ የነበረው ክብደት ጠፍቶ፣ ተጎታቹ የመኪናውን ኋላ በ2.4 ኪሎ ግራም ያህል ሽቅብ መሳብ ይጀምራል። ሞተሩ ተፈትቶ ከአክስሉ 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ በጀልባዋ ወለል ላይ ቢታሰር ግን በማያያዣው ላይ 28 ኪሎ ግራም ገደማ ያርፋል፤ ይህም ከ13 በመቶ ጥቂት ያነሰ ነው። ብረቱም ጀልባዋም ሞተሩም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ቦታ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ የረቀቀ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠውም እርሱ ነው። ተጎታች በነፋስ ወይም በመንገድ ጉድጓድ ምክንያት ጥቂት ወደ ጎን ሲዞር፣ ጎማዎቹ ከአስፋልቱ ጋር ያላቸው ሰበቃ ወደ መሥመሩ ይመልሰዋል፤ እርሱ ግን እንደ ፔንዱለም መሥመሩን አልፎ ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። ይህን ውዝዋዜ የሚያረግበው ጉልበት የሚመነጨው፣ ጎማው ወደ ጎን የሚወዛወዝበት ፍጥነት ወደ ፊት ከሚሄድበት ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር ከሚፈጥረው ትንሽ ማዕዘን ነው። ወደ ፊት የሚሄድበት ፍጥነት በእጥፍ ካደገ ማዕዘኑ በግማሽ ያንሳል፤ የሚያረግበውም ጉልበት እንዲሁ። ስለዚህ በአሮጌው መንገድ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ጸጥ ብሎ የሚከተል ተጎታች፣ ከሞጆ ወደ ባቱ በተዘረጋው የፍጥነት መንገድ ላይ 100 ሲደርስ ጅራቱን መወዝወዝ ሊጀምር ይችላል። ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ደግሞ ውዝዋዜው ከመርገብ ይልቅ በየዙሩ እያደገ ይሄዳል፤ መኪናውንም ይዞ ይገለብጣል። በውስጡ ያሉት ልጆች ናቸው፤ በመንገዱ ዳር የሚሄዱትም የሌላ ሰው ልጆች ናቸው።

ሞተሩ እዚህም ድርሻ አለው። አንድ ቁስ ለመዞር የሚያሳየው እንቢታ በመጠነ ቁሱና በርቀቱ ስኩዌር ይለካል። በ1.8 ሜትር ርቀት ላይ የተሰቀለው 40 ኪሎ ግራም ወደ 130 ይሰጣል፤ በግማሽ ሜትር ላይ የታሰረው ግን 10 ብቻ ነው። አሥራ ሦስት እጥፍ! እንዲህ ያለው ጅራተ ከባድ ተጎታች አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ ለማቆም አስቸጋሪ ነው። ውዝዋዜ ሲያጋጥም መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግርን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀስ ብሎ ማንሳት ይገባል እንጂ ፍሬን በድንገት መርገጥም ሆነ በመሪ መከራከር አይበጅም።

ነፋሱንም መዘንጋት አይገባም። አዳማ በነፋስ ኃይል ማመንጫዎቿ የታወቀችው በከንቱ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የመጀመሪያው ጣቢያ 51፣ በ2015 የተመረቀው ሁለተኛው ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያንኑ ነፋስ ጀልባዋም ትቀበለዋለች። በስምጥ ሸለቆው ከፍታ የአየር እፍግታ በኪዩቢክ ሜትር 1 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በሴኮንድ 15 ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ 2 ስኩዌር ሜትር ስፋት ባለው የጀልባ ጎን ላይ ወደ 225 ኒውተን የሚደርስ ጉልበት ያሳርፋል፤ ይህም 23 ኪሎ ግራም ከሚያህል ክብደት ጋር እኩል ነው። ጀልባዋን ፖርቶ መጋላ ላይ መጫን የሚመርጥ ሰው ይህን ማሰብ አለበት። አፏን ወደ ታች ደፍቶ፣ ከፊትና ከኋላም ጭምር ማሰር ያስፈልጋል። ለመጫን ግን ጉልበተኛ መሆን አይጠይቅም፤ በጣሪያው የኋላ ጠርዝ ላይ የሚሽከረከር ቧንቧ ከተገጠመ መጀመሪያ አንዱን ጫፍ፣ ቀጥሎ ሌላውን ማንሳት ይቻላል፤ በአንድ ጊዜ የሚነሳው ከክብደቷ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው።

ተጎታቹን ከመንገድ በፊት መመርመር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሞተሯ የወረደላትን ጀልባ ወለል ላይ በተጋደመ ክብ ቧንቧ ላይ አስቀምጦ ሚዛን እስክትጠብቅ ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት የክብደት ማዕከሏን ያሳያል። ጭነቱ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ተጎታቹን አግድም አድርጎ፣ በማያያዣው ሥር ሰው የሚመዘንበትን ተራ ሚዛን ማኖር ደግሞ የምንፈልገውን ቁጥር በቀጥታ ይነግረናል። ማያያዣው ቢሰበር ተጎታቹን ይዞ የሚያስቀር ሰንሰለት የግድ ነው። የቤት ሥራ የሆነ ተጎታች በመንገድ ላይ እንዲወጣ የሚፈቀድ መሆኑንም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ሐይቁ ዳር ሲደረስ ችኮላ ኩሽኔታውን ያበላሻል። ከረጅም ጉዞ በኋላ የጎማው እምብርት ሞቋል፤ በውስጡ ያለው አየርም ተስፋፍቷል። በዚያው ግለቱ ውኃ ውስጥ ከገባ አየሩ በድንገት ይኮማተርና ውኃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ግራሶው ይበላሻል፣ ብረቱ ይዝጋል። ቡና አፍልቶ ጠጥቶ ጎማው በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ መቆየት ይበቃል።

በመልስ ጉዞ ደግሞ ሌላ ተሳፋሪ ይጨመራል። ወለሏ 3 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ስፋት ባላት ጀልባ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ቢቀር 150 ሊትር፣ ማለትም 150 ኪሎ ግራም ነው፤ ከሞተሩ አራት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ይህ ጭነት ደግሞ በገመድ አይታሰርም። ዳገት ላይ ወደ ኋላ፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይፈስሳል፤ ጠዋት አዳማ ላይ በሚዛን የተረጋገጠውን 13 በመቶም በየኩርባው ይለዋውጠዋል። የማፍሰሻዋ ቀዳዳ ገና ከሐይቁ ዳር ሳይነሱ ተከፍቶ፣ ጀልባዋ አፍንጫዋ ከፍ እንዳለ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ መጠበቅ አለበት።