የማያውቁትን ሰው ጂም ውስጥ ማድነቅ ለምን ይከብዳል?

በይርጋ ጨፌ ወረዳ፣ ኮንጋ ላይ የቡና ለቀማ ወራት ሲደርስ እሸት ቡና በጆንያ ተሸክሞ ወደ መፈልፈያው የሚሄድ ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም፡፡ በአጠገቡ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ባያውቀውም እንኳ፣ «በርታ» ወይም «አይዞህ» ቢለው ማንም አይገርመውም፡፡ ያው ወጣት ዲላ ከተማ ገብቶ ጂም ቢመዘገብና ከጆንያው የማይተናነስ ብረት ቢገፋ ግን ነገሩ ይለወጣል፡፡ በግራና በቀኙ ያሉት ያዩታል፣ በልባቸውም ያደንቁታል፡፡ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን አይገኝም፡፡ ለመናገር ያሰበውም ቃሉን ውጦ ወደ መስታወቱ ይዞራል፡፡

መንገድ ላይ የሚመሰገን ጉልበት ጂም ውስጥ ዝም የሚባለው ለምንድን ነው? ጉዳዩ ተራ ይመስላል፡፡ ሆኖም ቦርጩን ተሸክሞ፣ እያፈረ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገባ ሰው አንዲት ቃል በማግስቱ ተመልሶ እንዲመጣ ልታደርገው ትችላለች፡፡ ያላግባብ የተወረወረች ቃል ደግሞ የወር ክፍያውን ጥሎ እንዲቀር ታደርገዋለች፡፡

ፍርሃቱ የሁሉም ነው

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፡፡ ኤሪካ ቡዝቢና ቫኔሳ ቦንስ የተባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች አንድን የማያውቁትን ሰው ቀርበው ስለ እሱ የወደዱትን ነገር እንዲነግሩት አድርገዋል፡፡ ተሳታፊዎቹ ከመናገራቸው በፊት የአድማጩን ስሜት እንዲገምቱ ተጠይቀው ነበር፡፡ ግምታቸው ተሳስቶ ተገኝቷል፡፡ አድማጩ የሚደሰተውን አሳንሰው፣ የሚሸማቀቀውን ደግሞ አጋንነው ገምተዋል፡፡ ተናጋሪው «ቃሉ ይጣመምብኝ ይሆን?» እያለ ሲጨነቅ፣ አድማጩ ከቃሉ አጣጣል ይልቅ ቅንነቱን እንደሚያይ ተመራማሪዎቹ ያስረዳሉ፡፡

ይህ ውጤት የሚያበረታታ ቢሆንም ለጂም እንዳለ መውሰድ አይቻልም፡፡ ጂም ሰው ላብ በላብ ሆኖ፣ በስስ ልብስ፣ በመስታወት ተከቦ የሚውልበት ቤት ነው፡፡ «ጎበዝ ነህ» ማለት በተዘዋዋሪ «ሳይህ ነበር» ማለትም ነው፡፡ መታየት ደግሞ በአገራችን የራሱ ታሪክ አለው፡፡

የዓይን ነገር

አንትሮፖሎጂስቱ ሮናልድ ሬሚኒክ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጽሑፍ በአማራው ዘንድ ያለውን የቡዳ እምነት አጥንቶ ከቅናት ጋር አያይዞታል፡፡ እምነቱ የአንድ አካባቢ ብቻ አይደለም፤ በቡዳ አላምንም የሚል የተማረ ሰው እንኳ፣ ባዕድ ሰው ልጁን «እንዴት ያምራል!» ብሎ ዝም ቢል ቅር ሊለው ይችላል፡፡ ስለዚህ ጨዋ አድናቂ «ከዓይን ያውጣው» ይላል፡፡ ሙስሊሙም «ማሻአላህ» ብሎ ይጨምራል፡፡

ልብ ብለን ካየነው አማርኛ ሙገሳን ብቻውን ማስኬድ አይወድም፤ ከምርቃት ጋር ያጣምረዋል፡፡ አዲስ ልብስ ለለበሰ «በደስታ ቅደደው» ይባላል፡፡ ልጅ ለወለደ «ያሳድግልህ»፣ ለሚሠራ ሰው ደግሞ «ያበርታህ» ይባላል፡፡

የዚህ ጥቅሙ ምን እንደሆነ የሚገባን ተሞጋሹን ስናይ ነው፡፡ አኒታ ፖሜራንትዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳየችው፣ የተሞገሰ ሰው በሁለት ነገር መካከል ይወጠራል፡፡ «ልክ ነህ» ቢል ራሱን ማወደስ ይሆንበታል፤ «አይደለም» ቢል ደግሞ ተናጋሪውን ይቃወማል፡፡ እኛም «ኧረ ምን አለኝ!» ወይም «አንተ ነህ እንጂ» እያልን የምናመልጠው ከዚሁ ነው፡፡ ምርቃት ግን ይህን ጭንቀት ያስቀራል፡፡ «ያበርታህ» የተባለ ሰው «አሜን» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል፡፡ ራሱን ማወደስም ሆነ መካድ አያስፈልገውም፡፡

ሙገሳና ለከፋ

ለሴቶች ጉዳዩ ከማፈር ያለፈ ነው፡፡ መንገድ ላይ «ቆንጆ» ተብሎ የሚጀመረው ነገር መልስ ሲያጣ ወደ ስድብ እንደሚዞር የከተማ ሴት ሁሉ ታውቃለች፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የሎው ሙቭመንት በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትንና ለከፋን መነጋገሪያ ካደረጉት ስብስቦች አንዱ ነው፡፡ ጂም ውስጥ ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና የምትሠራ ሴት ብዙውን ጊዜ የምትከላከለው ይህንኑ ነው፡፡ የሚያናግራት ወንድ ልቡ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ እሷ ግን ልቡን ማየት አትችልም፡፡ የምታየው ከዚህ በፊት በተመሳሳይ አነጋገር የጀመሩትን ሰዎች ነው፡፡ «ሰውነትሽ አምሮበታል» ሲላት የሚሰማት መታየቷ እንጂ መመስገኗ አይደለም፡፡

ወንዶችም ቢሆኑ ሰውነታቸው ሲነሳ ሁልጊዜ ደስ አይላቸውም፡፡ በእኛ አገር «ወፈር ብለሃል» ለረጅም ጊዜ «ተመችቶሃል» ማለት ነበር፤ «ከሳህ» ደግሞ «ምን ነካህ?» የሚል ስጋት ነበረበት፡፡ ዛሬ ጂም ውስጥ ትርጉሙ ተገልብጧል፡፡ ሁለቱም ትርጉሞች ግን አብረው ይኖራሉ፡፡ «እንዴት ከስተሃል!» የተባለው ሰው የከሳው በስፖርት ይሁን፣ በስኳር በሽታ ወይም በሐዘን፣ የማያውቀው ሰው ሊገምት አይችልም፡፡

አንተ ወይስ እርስዎ?

ሌላው እንቅፋት አጠራሩ ነው፡፡ አማርኛ ሰውን ሳይመድብ አያናግርም፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ባላት ዲላ፣ ተማሪው ክፍል ውስጥ «እርስዎ» የሚለውን መምህር ማምሻውን በቁምጣ ሊያገኘው ይችላል፡፡ «ጎበዝ!» ማለት ከታላቅ ለታናሽ የሚባል ነውና ለመምህር አይሆንም፡፡ «ጋሼ» ቢለው ደግሞ ወጣት ልሁን ብሎ ብረት የሚገፋውን ሰው ያስረጀዋል፡፡ ብዙ ጊዜ ዝምታው የሚመጣው ከንቀት ሳይሆን ከዚህ ዓይነቱ ግራ መጋባት ነው፡፡ ለእኩያ «ወንድሜ» እና «እህቴ» ይበቃሉ፤ በዕድሜ ለሚበልጥ ደግሞ «በርቱ» ማንንም አያስከፋም፡፡

ታዲያ እንዴት እንናገር?

እስካሁን ካየነው አንድ መንገድ ይወጣል፤ ሰውነትን ትቶ ድካምን ማመስገን፡፡ ክንድ፣ ወገብና ክብደት የሰውየው ገመና ናቸው፡፡ የሠራው ሥራ ግን ሁሉም ፊት የተሠራ ነውና ስለ እሱ መናገር ድንበር አይጥስም፡፡ «ጡንቻህ ያስቀናል» ከሚለው ይልቅ «በርታ፣ በጣም ጥሩ ነው» የሚለው ይቀላል፤ መንገደኛ ለሸክም ሠራተኛ የሚለውም ይህንኑ ነው፡፡

ጊዜም መምረጥ ያስፈልጋል፡፡ ብረት ተሸክሞ ትንፋሹን የያዘን ሰው ማናገር አደጋ አለው፤ ብረቱን እስኪያስቀምጥ መጠበቅ ይሻላል፡፡ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ደግሞ «አታናግሩኝ» ያለ ያህል ነው፡፡ ከሁሉ የሚቀድመው ሰላምታ ነው፡፡ ለሁለት ሳምንት «እንደምን አመሸህ» የተባባሉ ሰዎች ባዕድነታቸው ቀንሷልና ሙገሳው አይከብድም፡፡ «ከባለፈው ሳምንት ጨምረሃል» ማለት የሚያምረውም እንዲህ ለተላመዱ ነው፤ ለማያውቋት ሴት ግን ስትከታተላት የከረምክ ያስመስልብሃል፡፡

ሲናገሩ አሳጥሮ፣ መልስ ሳይጠብቁ ወደ ራስ ሥራ መመለስ ይገባል፡፡ ቃሉ ሙገሳ ይሁን ለከፋ የሚለየው ከተነገረ በኋላ ነው፡፡ ሙገሳ ከሆነ ተናጋሪው ዞር ይላል፤ ለከፋ ከሆነ ግን ቆሞ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፡፡ የተመሰገነውም ሰው «ኧረ ምንም አልሠራሁ» እያለ መሟገት የለበትም፡፡ «አመሰግናለሁ፣ አንተም በርታ» ብሎ ወደ ብረቱ መመለስ ይበቃዋል፡፡